ጡትን መልሶ መሥራት ቁንጅና አይደለም፣ ሕክምና ነው!



አንድ ወንድም በመኪና አደጋ እግሩ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ እግር ቢገጠምለት "ለውበት ብሎ ነው" የሚለው የለም። ፊቱ በእሳት የተቃጠለ ልጅ ቆዳው ሲጠገንለትም "ቅንጦት ነው" የሚል አልሰማንም። በካንሰር ምክንያት ጡቷ የተነሳ እህት ግን "መልሳችሁ ሥሩልኝ" ስትል ወሬው ይለወጣል። የኢንሹራንስ ኩባንያው "ይህ የውበት ጉዳይ ነው" ብሎ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ከሰፈር ደግሞ "ነፍሷ ከተረፈ አይበቃትም ወይ?" የሚል ይነሳል። ሌላው "የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው" ብሎ ሐራም ያደርግባታል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከኩባንያዎቹ እንጀምር። ይህ ክርክር ሕግ እስከማስወጣት የደረሰው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ እናቶቻችንና እህቶቻችን ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1998 የወጣው የሴቶች ጤናና የካንሰር መብቶች ሕግ እንዲህ ይደነግጋል፦ ጡት የማስወገድ ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ፣ የተነሳውን ጡት መልሶ መሥራትን በየደረጃው መሸፈን አለበት። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ በሌላኛው ጡት ላይ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምናም ይሸፍናል። ከውጭ የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጡትንና እንደ ክንድ እብጠት ያሉ ተከታይ ሕመሞችንም እንዲሁ። ቀዶ ሕክምናው ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ኢንሹራንስ የተደረገ ቢሆን እንኳ መብቷ አይቀርም።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሴቶቹ ለምን ይንገላታሉ? ሕጉ "ሸፍን" አለ እንጂ ለሐኪሙ ስንት እንደሚከፈል አልወሰነም። ክፍተቷ ይቺ ናት። ከሆድ ቆዳና ስብ ወስዶ ጡት የመሥራት ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ እያዩ መስፋትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ክፍያው ሲያንስ ሐኪሙ ከኩባንያው ጋር ውል አይገባም። ከዚያ ታካሚዋ "ሽፋን አለሽ" ትባላለች፤ የሚሠራላት ሐኪም ግን ከውሉ ውጪ ነው፤ ልዩነቱን ከኪሷ ክፈይ ትባላለች። ይህ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ካልሆነ ምን ይባላል?

ማስረጃ ለሚሻ አንድ እንጥቀስ። የአሜሪካ መንግሥት የሜዲኬርና ሜዲኬይድ መሥሪያ ቤት ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚያገለግለውን የተለየ የክፍያ ኮድ በ2024 መጨረሻ ሊሰርዝ ወስኖ ነበር። አንዳንድ ኩባንያዎች ቀኑ እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቁ ክፍያቸውን ወደ ታች ማውረድ ጀመሩ። ታካሚዎችና ሐኪሞች ጮኹ። መሥሪያ ቤቱም በኦገስት 2023 ውሳኔውን ቀልብሶ ኮዱን አቆየው። የታመሙ ሴቶች ዝም ቢሉ ኖሮ አንድ የኮድ ቁጥር ብቻ መብታቸውን ባዶ ያስቀረው ነበር።

ሁለተኛ፣ "ፍጥረት መለወጥ" ለሚሉት። ሶሐባው አርፈጃ ኢብን አስዓድ (ረ.ዐ) በጃሂሊያ ዘመን በኩላብ ጦርነት አፍንጫውን አጣ። ከብር አሠርቶ አደረገ፤ ሸተተበት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ሐዲሱን አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። ልብ በሉ! ወርቅ ለወንድ ክልክል ነው። ለጠፋ አካል ምትክ ሲሆን ግን ተፈቀደ። ጤነኛ አካልን በፋሽን ምክንያት መለወጥ ሌላ ነው፤ በሽታ ያጎደለውን መመለስ ሌላ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባሳለፈው ቁጥር 173 ውሳኔ ይህንኑ ለይቷል። በሕመም የተነሳን ጡት መልሶ መሥራትን በስም ጠቅሶ ከሚፈቀዱት መድቦታል። ዑለማ የፈቱትን ነገር ሰፈር ተቀምጦ ማሰር ዲን አይደለም።

ሦስተኛ፣ "ነፍሷ ከተረፈ" ለሚሉት። ከውጭ የሚደረገው ሰው ሠራሽ ጡት ለሱጁድ ስትጎነበስ ከቦታው ይንሸራተትባታል። ሚዛኑ የተዛባ ደረት ትከሻና አንገት ያሳምማል። ልብስ በለወጠች ቁጥር በሽታዋን ታየዋለች። አንዳንዷ እህት "አልፈልግም፣ እንዲሁ ይሁን" ትላለች፤ ከማንም አታንስም፣ ምርጫዋ ነው። የምትፈልገዋን ግን "ይበቃሻል" የማለት ሥልጣን ማን ሰጠን?

"ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እኛ አገር የጨረር ሕክምና ተራ እየተጠበቀ ስለዚህ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚል ይኖራል። የጨረሩ ጩኸት ትክክል ነው፤ የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ነውና። ነገር ግን የማኅበራዊ ጤና መድኅን ደንባችን ከሽፋን ውጪ ካደረጋቸው አንዱ የውበት ቀዶ ሕክምና ነው። ውበት የሚባለው የቱ ነው? ቃሉ ካልተብራራ ነገ የሚተረጉመው ከፋዩ ነው፤ ከፋይ ደግሞ ለራሱ እንደሚያመች ይተረጉማል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ ካወጣ ወዲህ ገና የሚጻፉ ውሎች አሉ። ያኔ ሳይጻፍ የቀረ አንድ መስመር፣ በኋላ የአንዲት እህት ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ሥራ አለን። ተካፉል ለሚሸጡልን "በሕመም የተነሳን ጡት መልሶ መሥራት ከውበት አይቆጠርም" የሚል መስመር በውሉ ይግባ እንበላቸው። ተካፉል መተጋገዝ ከሆነ መተጋገዙ እዚህ ላይ ይታይ። አሜሪካ ያለች እናት ወይም አክስት የእምቢታ ደብዳቤ ደርሷት እንደሆነ እንግሊዝኛውን እናንብብላት። በአብዛኛው ኢንሹራንስ ደብዳቤው በደረሳት በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላለች። ኩባንያው የሕክምናውን አስፈላጊነት ክዶ እንደገና እምቢ ካለ፣ በአራት ወር ውስጥ ገለልተኛ አካል እንዲያየው ትጠይቃለች፤ የዚያ አካል ውሳኔ ኩባንያውን ያስገድደዋል። የ1998ቱ ሕግ ሜዲኬይድን ስለማይመለከት ሜዲኬይድ ያላት የግዛቷን ደንብ ትጠይቅ። በየሰፈራችን ደግሞ "ይበቃሻል" የሚለውን አፍ እንዝጋ።

የመጀመሪያዋ የእምቢታ ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለችም። ኩባንያ የሚተማመነው በታማሚዋ ድካም ነው፤ ስትደክም እኛ እንቁምላት። አላህ የታመሙትን ያሽርልን።

ወላሁ አዕለም።