የኳንተም ስህተት እርማት፦ በላፕቶፕ ሊጠና የሚችል ርዕስ

በጅግጅጋ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የኳንተም ኮምፒውተርን ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስነት ቢያቀርብ፣ የሚጠብቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «መሣሪያው የት አለ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎግልና አይቢኤም የሚሠሩባቸው ቺፖች ለፍጹም ዜሮ እጅግ በቀረበ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በቅርቡ እናገኛለን ብዬ አላምንም። ይሁንና ከመስኩ ከባድ ጥያቄዎች አንዱ የሆነው የስህተት እርማት በአመዛኙ የሂሳብና የተራ ኮምፒውተር ሥራ ስለሆነ፣ በሩን በጠቅላላ መዝጋት አይገባም።

ከቶጎ ውጫሌ ወደ ጅግጅጋ በሚቆራረጥ ስልክ ዋጋ የሚነግር ነጋዴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ይደጋግማል፤ ሰሚውም ሁለት ጊዜ የገጠመለትን ይይዛል። ኪውቢት ግን እንዲህ አይደጋገምም። ያልታወቀ የኳንተም ሁኔታ ሊገለበጥ እንደማይችል እ.ኤ.አ. በ1982 ተረጋግጧል፤ ሲለካም ይለወጣል። ፒተር ሾር በ1995 ያሳየው መውጫ የአንዱን ኪውቢት መረጃ በዘጠኝ ኪውቢቶች ትስስር ውስጥ መበተን ነበር። ከዚያ በኋላ የሚለካው መረጃው ራሱ ሳይሆን የኪውቢቶቹ መስማማት ወይም አለመስማማት ብቻ ነው፤ ዋጋውን ሳይሰሙ «የመጀመሪያውና ሁለተኛው ቁጥር አንድ ናቸውን?» ብሎ እንደ መጠየቅ።

ከእነዚህ መልሶች ተነሥቶ ስህተቱ የት እንደ ደረሰ የሚገምተው ዲኮደር ነው፤ እርሱም የሚሠራው በተራ ኮምፒውተር ነው። ጎግል በ2024 ባቀረበው ዊሎው በተባለው ቺፕ፣ መረጃ ያዥ ኪውቢቶቹ ከ3 በ3 ወደ 5 በ5፣ ከዚያም ወደ 7 በ7 ሲያድጉ ስህተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች ወርዷል። ነገር ግን አንዱ የልኬት ዙር አንድ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ብቻ ይፈጃል። ከዚህ የሚዘገይ ዲኮደር ያልተፈታ መረጃ እየተከመረበት ይሄዳል፤ ፍጥነትንና ትክክለኛነትን ማስታረቅ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው።

ለጥናቱ የሚያገለግሉት ስቲምና ፓይማቺንግ የተባሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ድረስ ይሠራሉ።

ድርቅ በሚደጋገምበት ክልል ይህ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ስጋቱን አላቃልለውም፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ከውሃ ጉድጓድ ጋር ሳይሆን ከሌላ የፊዚክስ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ ጽሑፍ ጋር ነው፤ ወጪውም ከእነርሱ አይበልጥም። እውነተኛው እንቅፋት አማካሪ ነው፦ የኳንተም ሜካኒክስ መምህሩ ስለ ኮድ ንድፈ ሐሳብ፣ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህሩም ስለ ኳንተም እምብዛም አይሠሩም። ስለዚህ ትምህርት ክፍሎች በጥምር ማማከርን ቢፈቅዱ እመርጣለሁ። ለመጀመሪያው ተማሪ በ3 በ3 እና በ5 በ5 ኮዶች ላይ ሁለት ዲኮደሮችን በፍጥነትና በትክክለኛነት ማወዳደር በቂ ርዕስ ነው።