ፖሊስ ሲበድል ተጠያቂው ማነው?

ፖሊስ የያዘውን ሰው ደበደበ እንበል። ማን ይጠየቅ? ይህ ጥያቄ ሐይቅም ላይ ቢነሳ ውጫሌም ላይ ቢነሳ ሰው በሁለት መከፈሉ አይቀርም። አንዱ፣ «ፖሊሱ ምን ያድርግ? ታዞ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «አለቃው መቼ ዱላ ያዘ? የመታው ይጠየቅ እንጂ» ይላል።

ሕጉ ሁለቱንም አይለቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀል ሕግ እንይ። አንቀጽ 424 እንዲህ ነው። የያዘውን ወይም የሚመረምረውን ሰው ያሰቃየ የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል። ነገሩ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ያዘዘው ባለሥልጣንስ? እሱ እስከ 15 ዓመት። ልብ በሉ፤ ዱላ ያልነካው ሰው ቅጣቱ ከመቺው ይበልጣል። ደግ አደረገ! የአንድ አለቃ ቃል ስንት ዱላ ታስነሳለች።

አንቀጽ 74 ደግሞ፣ ትእዛዙ ወንጀል መሆኑን እያወቀ የፈጸመ ሰው ይጠየቃል ይላል። «ታዝዤ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። ሰው መግረፍ ክልክል መሆኑን የማያውቅ ፖሊስ ደግሞ የት ይገኛል?

ወረቀቱ ይህን ይላል። ሥራው ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ማዕከላዊ የሚባል የፖሊስ ምርመራ ቤት ነበር። በደርግ ጊዜም ከደርግ በኋላም ሰው ተገርፎበታል። የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለፓርላማ ሲናገሩ፣ እስረኛ መገረፉን አመኑ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በዚህ የተጠረጠሩ ብዙ ሰዎች ተያዙ። ግን ስንት ዓመት አለፈ! መርማሪው ነበረ። አለቃው ነበረ። እስረኛው ቁስሉን ያሳየው ዳኛም ነበረ። እኔ ብሆን ሁሉንም እጠይቅ ነበር።

ለኛ ለገጠር ሰዎች የሚቀርበው ነገር ወረቀቱ ነው። ፖሊስ ቃል ሲቀበል ይጽፋል። ከዚያ «ፈርም» ይላል። የተጻፈውና የተባለው ቢለያይስ? አምባሰል ይህን ነገር ያውቀዋል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሡ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል ይነጋገሩ አለ። የጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ግዴታ አደረገው። ጦሱ እስከ ዐድዋ ደረሰ።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ያላላችሁት ከተጻፈ አትፈርሙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። በግድ የተገኘ ቃልም ማስረጃ አይሆንም። የተመታ ሰው ለዳኛው እዚያው ይናገር። ማን መታኝ፣ ማን አዘዘ፣ በየትኛው ቀን ብሎ ያስመዝግብ። ለዐቃቤ ሕግም፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ማመልከት ይቻላል። ዘመድም የታሰረውን መጠየቅ ይችላል፤ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። ስንቅ ሲያደርስ ቁስሉን ይይ፤ ቀኑንም ይጻፍ።