ከማሽኑ ጋር የመጣው ብሮውዘር

የመተከል ሕዝብ ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ የሚያውቅ ሰው፣ የዳንጉር ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በማንቡክ ተቀምጦ ስለ ኢንተርኔት ብሮውዘር መጻፍ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብሎ ቢታዘበኝ አልቀየመውም። ነገር ግን የሜጋ ባይት ዋጋ ከዕለት ጉርስ ተቀንሶ በሚከፈልበት፣ ኔትወርክም በመጣ ጊዜ ጉዳይን ሁሉ ፈጥኖ መጨረስ ግድ በሚሆንበት አገር፣ ገጹን የሚከፍተው መሣሪያ የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄ ከኑሮ ጥያቄዎች አንዱ ነውና ብዕሬን ለማንሣት አላፈርሁም።

ከመካከላችን ብሮውዘሩን መርምሮና መርጦ የያዘ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሰው ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ አብሮ የተገኘለትን እንደ ጸጋ ተቀብሎ ይኖራል። ይህም ልማድ በብልሃት የተተከለ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ ጋር አጣምሮ በማደሉ በ1990 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት ከስሶ ዳኛ ፊት አቁሞት ነበር፤ ክርክሩ እየተጓተተ ሳለ ግን ተቀናቃኙ ኔትስኬፕ ወደቀ፣ ባለ ድሉም ከዓለሙ ተጠቃሚ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ፣ የሚፎካከረው እንደሌለ ተረድቶ፣ ስድስተኛ ዕትሙን በ1993 ዓ.ም ማለቂያ አውጥቶ ሰባተኛውን እስኪያወጣ ድረስ አምስት ዓመት ያህል አንቀላፋ። በዚያ ዘመን በኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ በደቂቃ ይከፍል የነበረ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ያችን ሰማያዊ የ«ኢ» ምልክት ኢንተርኔት ራሷ ናት ብሎ የሚያምነው ብዙ ነበር።

አንድ መስኮት ሳይለቁ ብዙ ገጾችን በታብ ከፍቶ ከአንዱ ወደ አንዱ መመላለስ ለነዚያ ተጠቃሚዎች ያልተገለጠ ምሥጢር ነበር። ኦፔራና ሞዚላ አስቀድመው የሠሩበትን ይህን ሐሳብ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1997 ዓ.ም የወጣው ፋየርፎክስ ያለ ዋጋ ለሚሊዮኖች አዳረሰው፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ታብን የተቀበለው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 1999 ዓ.ም ነው። መስመሩ ፈጣን በሆነበት አገር ታብ የጠረጴዛ ሥርዓት ማስጠበቂያ ከመሆን አያልፍም፤ በእኛ ዘንድ ግን ጥቅሙ ከዚህ ይጠልቃል። በዘገምተኛ መስመር ጊዜን የሚበላው የገጹ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ጥያቄያችን ሄዶ ሰርቨሩ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ባዶ ገጽ እያየን የምንቀመጠው ጭምር ነውና፣ አምስት ገጽ የሚፈልግ ሰው አንዱን ጨርሶ ሌላውን ቢከፍት አምስት ጊዜ ይጠብቃል፣ አምስቱን በአምስት ታብ በአንድነት ቢጠራቸው ግን የመጀመሪያውን እያነበበ ሳለ የቀሩት ይደርሱለታል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ዕለት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ መለያ ቁጥራቸውን በወረቀት ይዘው የሚጋፉትን ተማሪዎች ያየ ሰው፣ ባለ ሱቁ ወጣት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታብ ከፍቶ በተራ ሲያዳርሳቸው መገረሙ አይቀርም። ዘዴውን ብጠይቀው፣ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «ጋሼ፣ አንዱ ሲዞር ሌላው ይመጣል» አለኝ።

የክብደቱ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። በዚሁ በዳንጉር ምድር ከፍ ብሎ የሚታየው የበላያ ተራራ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም በኦሜድላ በኩል ገብተው ወደ ጎጃም ሲያቀኑ ያረፉበት ነው፤ ከሱዳን ድንበር እስከዚያ ድረስ ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ግመሎች ሲሆኑ፣ በዚያ ዘመቻ ከተሰማሩት ብዙ ሺህ ግመሎች የሚበዙት በየመንገዱ አልቀዋል። ወደዚህ አገር የሚላክ ጭነት ከመነሻው ካልቀለለ እንደማይደርስ ከጥንትም የታወቀ ነው። በኖርዌይ ተወልዶ በ1998 ዓ.ም ለዓለም የተሰራጨው ኦፔራ ሚኒ የያዘው ይህንኑ መላ ነው፤ ስልካችን ገጹን በቀጥታ አያመጣውም፣ የኩባንያው ሰርቨር በሩቅ ሆኖ ገጹን ይከፍታል፣ ሥዕሉን ያሳንሳል፣ ጽሑፉን ያጭቃል፣ ከዚያም የቀለለውን ብቻ ይልክልናል፤ ቁጠባውም ኩባንያው እንደሚለው እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ግን፣ የግዕዝ ፊደል ባልተጫነባቸው ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ አማርኛው ሁሉ የአራት ማዕዘን ሣጥን ሰልፍ ሆኖ ይታይ በነበረበት ጊዜ፣ ከቅንብሩ አንዲት መስመር በመለወጥ ፊደሉ በሰርቨሩ እንደ ሥዕል ተሥሎ እንዲመጣ ማድረግ መቻሉ ነው። ታብንም ለእነዚያው ስልኮች በ2002 ዓ.ም ጨመረላቸው።

እንግዲህ ሁሉን ትታችሁ ወደ ኦፔራ ሚኒ ግቡ እያልሁ አይደለም፤ አመስጋኝነቴ ዐይኔን አላሳወረኝም። ገጹ አስቀድሞ በሌላ ሰው ሰርቨር የሚከፈት እንደ መሆኑ፣ እጅግ አጭቆ በሚልክበት አሠራሩ በእናንተና በባንካችሁ መካከል ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ እመንገድ ላይ ይፈታልና፣ የይለፍ ቃልና ገንዘብ ያለበትን ጉዳይ በክሮም፣ በፋየርፎክስ ወይም በባንኩ በራሱ አፕ ፈጽሙት። ታብ ማብዛትም መጠን ይፈልጋል፤ ሜሞሪው አንድ ወይም ሁለት ጊጋ በሆነ ስልክ ላይ ሃያ ታብ የከፈተ ሰው፣ ስልኩ የቆዩትን ስለሚዘጋና ሰውየው ሲመለስባቸው እንደ አዲስ ስለሚጭናቸው፣ ለአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ሜጋ ይከፍላል። እኔ በስልኬ ሁለት ብሮውዘር አኑሬ፣ ለንባብ አንዱን ለገንዘብ ሌላውን እጠራለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት እስካሁን አላገኘሁም።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም በይፋ ጡረታ ወጥቷል፤ በዙፋኑ የተቀመጠው ክሮምም በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ ዙፋኑን የያዘበት መንገድ ከቀድሞው እምብዛም አይለይም። የሚበዛው ሰው ዛሬም የተሰጠውን ይዞ የሚኖር ስለሆነ፣ ልመናዬን ከአንባቢው ይልቅ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ድረ ገጽ ለምታሠሩ ሹማምንት አቀርባለሁ፤ ባለሙያው ሥራውን ጨርሻለሁ ብሎ በአዲስ ላፕቶፕና በቢሮ ዋይፋይ ሲያሳያችሁ አትቸኩሉ፣ ርካሽ ስልክ ተውሳችሁ፣ ከግቢው ወጥታችሁ፣ በኦፔራ ሚኒ አንድ ጊዜ ክፈቱት፤ ካልተከፈተ አትረከቡት።