ተሸናፊውን ቅጂ የሚያጠና የሕግ ተማሪ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ስም በተነሳ ቁጥር ወሬው ወደ ስም ዝርዝር ይሄዳል። ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ከዚያ ተመርቀው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እነ እገሌ ሚኒስትር ሆኑ። እውነት ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነባ ስም ነው፤ እኔም ላፈርሰው አልተነሳሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህ ስም በሕግ ለሚዳኘው ተራ ሰው ምን ፈየደለት?

እስኪ ነገሩን እንየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁት። ተማሪው በእንግሊዝኛ ይማረዋል። የፌዴራል ፍርድ ቤት በአማርኛ ይፈርድበታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት ደግሞ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጣሉ የሚጸናው አማርኛው ነው። ተማሪያችን ግን ዓመታቱን የሚፈጀው ተሸናፊውን ቅጂ በማጥናት ነው!

የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ሮበርት ሴድለር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓትን፣ ስታንሊ ፊሸር የወንጀል ሥነ ሥርዓትን በእንግሊዝኛ ጻፉልን። አይፈረድባቸውም፤ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ በእነሱ ዘመን የተጀመረው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ከእንግሊዝኛው ጎን አማርኛም ያትም ነበር። ዛሬ መምህራኑ የእኛው ልጆች ናቸው። የእነሱ ምክንያት ምንድን ነው?

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በአማርኛ፣ በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። ትችቱ ግን በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሥራ የተባረረው ሠራተኛ፣ በውርስ ቤት የምትሟገተው እናት፣ በወረዳ ፍርድ ቤት የተቀመጠው ዳኛ አያነቡትም። ታዲያ ለማን ተጻፈ? ለማዕረግ ዕድገት ከሆነ በግልጽ ይነገረን።

መልሱን አውቀዋለሁ። «የሙያው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው» ይባላል። በአማርኛ ማን እንዲጽፍልን ነው የምንጠብቀው? ሴድለር ተመልሰው እንዲመጡ? «ከዓለም እንቆራረጣለን» ይባላል። እንግሊዝኛው ይጥፋ ያለ የለም። ዓለም አቀፍ ሕግን በእንግሊዝኛ ይማሩ፤ የቤት ኪራይ ውልን ግን ተከራይና አከራይ በሚጣሉበት ቋንቋ ይማሩት። «ኦሮምኛስ? ትግርኛስ?» ለሚለኝ ደግሞ እሰየው! የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በኦሮምኛ ነው የሚሠሩት። በዚያም ይጻፍ፤ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

የምጠይቀው ሰማይ አይነካም። አንደኛ፣ ክስና መልስ መጻፍ ችሎት በሚሠራበት ቋንቋ ከመጀመሪያው ዓመት ይጀመር። ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተጻፈ የሰበር ውሳኔ ትችት ለመምህሩ ዕድገት ከእንግሊዝኛው እኩል ይቆጠር። ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛ የሚታተም እያንዳንዱ ጥናት ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይኑረው።

ይህን ለማድረግ የውጭ እርዳታም አዲስ ሕንፃም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መምህሩ ለማን እንደሚጽፍ መወሰኑ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ግብር ከፋይ ሲከሰስ መጥሪያው የሚደርሰው በእንግሊዝኛ አይደለም።