ማሳሰቢያ፦ ባለሰባት ወንበር መኪና ባዶውን አይፈተሽም

ይህ ማሳሰቢያ በፀዳ፣ በአዘዞ፣ በማክሰኝትና በአካባቢው ያገለገለ ባለሦስት ረድፍ ወንበር መኪና ለቤተሰቡ ሊገዛ ላሰበ ሁሉ ነው። በተለይ ገንዘቡ የአንድ ሰው ብቻ ካልሆነ፣ ከአባት ጡረታ፣ ውጭ አገር ካለች እህት፣ ከዕቁብም ተጠራቅሞ የተዋጣ ከሆነ፣ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ዋናው ነገር ይኸውልዎ። እንዲህ ያለውን መኪና ገዢ የሚሞክረው ባዶውን ነው። ከደላላው ጋር ሁለት ሆነው፣ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ፣ አቀበት በሌለበት አስፋልት ደርሰው ይመለሳሉ። ቤተሰቡ የሚሄድበት ግን ሰባት ሰው ተሳፍሮ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ታስሮ፣ ሽቅብ ወደ አምባ ጊዮርጊስና ደባርቅ ነው። ለቅሶ፣ ሰርግና ክርስትና የሚጠሩት ሜዳ ለሜዳ አይደለም። ባዶውን ጤነኛ የሚመስል መኪና ሞልቶ ሲወጣ ጉዱን ያወጣል፤ ያኔ ግን ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ጥንቃቄው ዛሬ ከወትሮው የሚበልጥበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የብር ዋጋ ወረደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና ያረጃል እንጂ ዋጋው አያረጅም። ሊጣል የሚገባው ሁሉ ቀለም ተቀብቶ ገበያ ይወጣል።

ሦስተኛው ረድፍ

ሻጭ የሚያሞግሰው የኋላውን ወንበር ነው። እርስዎም ከዚያ ይጀምሩ። በመጀመሪያ ሊብሬውን ገልጠው የተፈቀደውን የመጫን አቅም ያንብቡ። ሊብሬው አምስት ሰው እያለ መኪናው ሰባት ወንበር ካለው፣ የኋለኛው ረድፍ ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ሊሆን ይችላል። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ክርክር ያነሳል። ከዚያ የከፋው ግን ብየዳው ራሱ ነው፤ በግጭት ጊዜ ወንበሩ ከነሰዉ ይነቀላል። ሃርድቶፕ በሚባሉት ላንድ ክሩዘሮች ፊት ለፊት የተደረደሩት የጎን አግዳሚዎች ብዙዎቹ ቀበቶ የላቸውም። ለሠራተኛ ማመላለሻ ያገለገለ መኪና ልጅ ለማመላለስ ይሆናል ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ወንበሩን ያጥፉና ምንጣፉን ያንሱ። እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። ከኋላ የተገጨ መኪና ከላይ ስቱኮና ቀለም ይሸፍነዋል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ላሜራ ግን ለማቃናት የሚደክም ባትላሜ ጥቂት ነው። የተጨማደደ ላሜራ፣ ፋብሪካው ካደረገው ክብ የብየዳ ነጥብ ይልቅ የተጎተተ ብየዳ፣ ወይም ስኮርት ጎማው ባለበት ቦታ አዲስ ጥቁር ቀለም ካዩ፣ ያ መኪና ተመትቷል። ምንጣፉ ሥር ደረቅ ደለል፣ በቀበቶው ጥቅልል ውስጥ ጭቃ፣ በወንበሩ ብሎኖች ላይ ዝገት ካለ ደግሞ ጎርፍ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ዱባይን ያጥለቀለቀው ዝናብ ብዙ መኪኖችን ውኃ ውስጥ እንደጣለ፣ ወደ እኛ አገር ከሚመጡት ያገለገሉ መኪኖችም ብዙዎቹ በዚያ በኩል እንደሚያልፉ አይርሱ። ውኃ የገባበት ኤሌክትሪክ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይጠፋል።

በመጨረሻ ቀበቶውን እስከ ጫፉ ይጎትቱ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተሰፋች ጨርቅ ላይ የተመረተበት ዘመን ተጽፏል። ቀበቶው ከመኪናው ዓመተ ምርት በኋላ የተሠራ ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ፤ ቀበቶ የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ ከግጭት በኋላ ነው። የፔዳል ላስቲክና የመሪ ሽፋን አልቆ ሳለ ቆጣሪው 90 ሺህ ኪሎ ሜትር ካለ፣ ኪሎ ሜትሩ ወርዷል። ጎማው ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞችም የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል፣ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

አቀበቱና ራዲያተሩ

አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነው የለም። ባለ 1.5 ሊትሯ ቶዮታ ረሽ ቆጣቢና መለዋወጫዋ የማይቸግር ናት፤ ከተማ ውስጥና ወደ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ቤተሰብ ትበቃለች። ሰባት ጎልማሳ ጭና ወደ ደጋ ስትወጣ ግን ትደክማለች፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን አቅሟ ነው። አቀበት የዘወትር መንገዱ የሆነ ሰው ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ፕራዶ ቢመለከት ይሻለዋል። ነዳጅ ይጠጣል፣ ግን ታይሚንጉ ቺንጋ ሳይሆን ሰንሰለት ነው፤ ጎንደር ያለ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል።

ባለ 3.0 ሊትር ዲ-ፎር-ዲ ናፍጣ ፕራዶ ጉልበቱ ያማልላል። ነገር ግን የኢንጀክተሮቹ ሥር ማሸጊያ ሲያፈስ ጭሱ ወደ ዘይቱ ገብቶ ያጠቁረዋል፣ ያወፍረዋል፣ የዘይት መምጠጫውንም ይደፍናል። ታሪኩ የማይታወቅ ዲ-ፎር-ዲ ካገኙ ኢንጀክተሮቹ ሳይፈተሹ አይግዙ። የቀደመው ባለ 3.0 ተርቦ፣ ዋን-ኬ-ዜድ የሚባለው፣ አንዴ ከፈላ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሁለቱም የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ።

አሁን ወደ ራዲያተር ክዳን እንምጣ፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን በደጋ መንገድ መኪና ከሚያቆሙት አንዷ እሷ ናት። ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ ጎንደር ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ደባርቅ ላይ በ90 ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራውም በዚያው ሙቀት ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ይዞ የመፍያውን ነጥብ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ፣ ፀዳ ላይ ምንም ያልሆነው መኪና ኮሶዬ ሲደርስ ያፏጫል። ስለዚህ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱ። ሞተር ሞቆ ሳለ ፈጽሞ አይንኩት፤ ፊት ያቃጥላል። ውስጡ ያለው ቀለም ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከሆነ ባለቤቱ ጠንቃቃ ነው። ዝገት የተቀላቀለበት ቡናማ ውኃ ከሆነ ለዓመታት ከጀሪካን ሲሞላ ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ፣ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፤ ተሰናብተው ይመለሱ።

ሙከራው እንዲህ ይሁን። ሻጩ ሳያሞቀው ጠዋት ይድረሱ፤ ኮፈኑን በእጅዎ ነክተው ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ውኃ ወይም የኢንጀክተር ችግር መኖሩን ያሳያል። ተርቦ የሌለው ናፍጣ አቀበት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ግን በአየሩ ስስነት ነውና አይደንግጡ። ከዚያ ወንበሩን ሁሉ በቤተሰብ ሞልተው ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ፣ ቢቻል እስከ ኮሶዬ ይውጡ። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ መኪናው ወድቋል። ሲወርዱ በዝቅተኛ ማርሽ ሆነው ፍሬኑን ይፈትኑ፤ ፔዳሉ እየሰመጠ ከሄደ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ፣ ያ መኪና ሊማሊሞን በሰባት ነፍስ መውረድ የለበትም። ሻጩ «ሰው ጭነህማ አትሞክርም» ካለዎት መልሱን አግኝተዋል።

ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለሻንጣ የሚተርፍ ቦታ እንደሌለም በዚሁ ሙከራ ያዩታል። ዕቃው ሁሉ ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጫን መኪናው ከላይ ይከብዳል፣ መታጠፊያ ላይም የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከባዱን ከእግር ሥር፣ ቀላሉን ከላይ ያድርጉ።

ነዳጁም ይጠየቅ። እጥረት ባለ ጊዜ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚንና ናፍጣ ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ ሊቀላቀልበት ይችላል። የድሮ ናፍጣ ፖምፓ ይህን በመጠኑ ይችለዋል፤ የዘመኑ ኢንጀክተር ግን አይችልም። የነዳጅ ፊልትሮውን አስወጥተው ይዩት።

ኤሌክትሪክ ለሚያስቡ

ከክልከላው ወዲህ ባለሦስት ረድፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በተለይ የቮልስዋገን አይዲ-ሲክስ፣ በብዛት ይታያሉ። መኪናው ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሶፍትዌሩን የሚያነብና መለዋወጫ የሚያመጣ ባለሙያ በቅርብ መኖሩን ያረጋግጡ። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ቀሪ አቅም በኮምፒውተር ይለካ፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የኪሎ ሜትር ግምት አቀበትንና ሙሉ ጭነትን ላያገናዝብ ይችላል። የቤትዎ ቆጣሪና መስመር ቻርጀሩን መሸከም መቻሉንም አስቀድመው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ።

ወረቀቱ

ቦሎ አለው ማለት መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ በምርመራው ቀን አልፏል ማለት ብቻ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ፤ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካዩ ዋጋ አይከራከሩ፣ ይሂዱ። ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ራስዎ ሄደው ይጠይቁ፤ ደላላ አይላኩ። በባንክ ብድር የተያዘ መኪና ከነዕዳው ይከተልዎታል።

በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ነገር አለ። ሰባት ወንበር ያላቸው ላንድ ክሩዘሮች ብዙ ጊዜ የእርዳታ ድርጅት ወይም የሰሜን ተራሮችን ቱሪስት ሲያመላልሱ የነበሩ የአስጎብኚ ድርጅት መኪኖች ናቸው። እንዲህ ያሉት ከቀረጥ ነጻ ገብተው ሊሆን ይችላል። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና መብቱ ለሌለው ሰው የሚተላለፈው ለጉምሩክ ኮሚሽን የሚገባው ቀረጥና ታክስ ሲከፈል ነው። ዋጋው ከገበያ በጣም ከረከሰ፣ ያልተከፈለው ቀረጥ እርስዎን እየጠበቀ ይሆናል። ዴክላራሲዮኑንና ቀረጥ የተከፈለበትን ማስረጃ ሳያዩ አይነጋገሩ።

«በውክልና ያዘው፣ ስሙን በኋላ እናዞራለን» የሚለውን አይቀበሉ። ወካይ ውክልናውን ይሽራል፤ ከሞተም ከወራሾቹ ጋር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርሙ፤ በቤተሰብ ሕጉ እንዲህ ያለ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም።

ገንዘቡ

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከምርመራ በኋላ ይሰጣል እንጂ «እንዳይሸጥብህ» ስለተባለ አይሰጥም። ያው ሕግ ለተደበቀ ጉድለት ሻጩን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ገዢው ግን ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ውሉ ላይ ካለ ሳያስሰርዙ አይፈርሙ።

እገታ የብዙ ቤተሰብ ስጋት በሆነበት በዚህ ጊዜ መኪና ለማየት ተብሎ ከከተማ ውጭ ካልታወቀ ሰው ጋር አይቀጣጠሩ፣ ጥሬ ገንዘብም አይያዙ። በቀን ብርሃን፣ ሰው ባለበት ጋራዥ ይገናኙ፤ የሻጩን የፋይዳ መታወቂያ ከሊብሬው ስም ጋር ያስተያዩ።

ክፍያውን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈጽሙ፦ መጀመሪያ ሞልቶ አቀበት፤ ቀጥሎ እርስዎ የመረጡት፣ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ፤ ከዚያ ፋይሉ፤ ከዚያ ቀብድ፤ በመጨረሻ ውልና ማስረጃ ፊት በባንክ ወይም በሲፒኦ ቀሪው ሒሳብ። ርክክቡ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ በፊት የደረሰ ቅጣትና አደጋ የሻጩ መሆኑም እንዲሁ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ በስምዎ ሳይሆን ቤተሰብ አሳፍረው አይንቀሳቀሱ። ደላላው ከእነዚህ አንዱን «ዝለለው» ካለዎት፣ የሚዘለው እሱ ነው።