በድርሰት መሐል ለተወሰደ ጊዜ

የቋንቋ መምህር ክፍል ውስጥ ድርሰት ሲያስጽፍ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ስም ጥሪው አልቆ ርዕሱ ሰሌዳ ላይ እስኪጻፍ ከዚያም ላይ ይቀነሳል። ተማሪዎቹ ማቀርቀር ሲጀምሩ በሩ ይንኳኳና ወርኃዊ ክፍያ ያልከፈሉ ልጆች ስም ይነበባል፤ ወይም መብራት ይጠፋል፤ ወይም ማስታወቂያ ይነገራል። ደወሉ ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይደወላል፣ ወረቀቱም ይሰበሰባል። ምንም እንዳልተፈጠረ ተቆጥሮ የሚታረመው ይህ ወረቀት ለተማሪው ውጤት ተብሎ መያዙ ፍትሐዊ አይደለም። የተወሰደበት ጊዜ ሊመለስለት ይገባል፤ ሐሳቡን መልሶ ለመሰብሰብ የሚፈጅበት ጥቂት ደቂቃም ሊታከልለት ይገባል።

ድርሰት የሚጽፍ ልጅ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ የሚያመጣውን ማስረጃና የአንቀጹን መድረሻ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ይዟል። ምርጫ ጥያቄ የሚሠራ ተማሪ ቢቋረጥ ወደ ተራ ቁጥሩ ይመለሳል፤ ድርሰት የሚጽፈው ግን የሚመለስበት ምልክት ወረቀቱ ላይ የለውም። በአሜሪካው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ድርሰቱን ሲያቅዱም ሆነ ሲጽፉ የተቋረጡት ተሳታፊዎች ካልተቋረጡት ያነሰ ጥራት ያለው ጽሑፍ አቅርበዋል። በብሪታንያም የፈተና መመሪያው አዳራሹ በድንገተኛ አደጋ ከተለቀቀ ተፈታኞች ሲመለሱ ቀሪው የመሥሪያ ጊዜ እንዲሰጣቸው፣ የሆነውም በጽሑፍ እንዲመዘገብ ያዛል። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ በመውጣቱ ብሔራዊ ፈተናው ተቋርጦ ከሳምንታት በኋላ በአዲስ ወረቀት ተሰጥቷል። ለብሔራዊው ፈተና የተደረገው ለክፍሉ ምዘና የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም፤ የክፍሉም ማርክ ሪፖርት ካርድ ላይ ይሰፍራልና።

በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተረኛው ክፍል በር ላይ ቆሞ ጊዜ ከየት እናምጣ ይሉ ይሆናል። ችግሩ እውነተኛ ነው። ከእረፍት ላይ አሥር ደቂቃ መውሰድ ካልተቻለ ግን በሌላ ቀን በአዲስ ርዕስ ማስጻፍ ይቻላል፤ በዚያው ርዕስ ከሆነ ቤት ተዘጋጅቶ የሚመጣ ይኖራልና። ሕይወትም በጸጥታ አታስጽፍም፣ ይልመዱት የሚሉም አሉ። በሥራ ዓለም የሚጽፍ ሰው ግን ያቋረጠውን ነገ ያርመዋል፤ ተማሪው ይህ ዕድል የለውም። ደግሞም ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ለክፍያ ስሙ ተነቦ የወጣው ልጅ ተመልሶ የሚቀመጠው ጓደኞቹ እያዩት ነው፤ የጎደለበትን ዓረፍተ ነገር የሚፈልገውም በዚያ ሐፍረት ውስጥ ሆኖ ነው። ለእርሱ ተጨማሪ ደቂቃም አይበቃም። የክፍያ ጉዳይ ከወላጅ ጋር በቢሮ ማለቅ የሚችል ነውና ድርሰት በሚጻፍበት ሰዓት ወደ ክፍል መግባቱ ፈጽሞ መቅረት አለበት።