እውነት እያደር እስኪጠራ

ወሬ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋራ የኖረ ነገር ነው። ድሮ ግን ወሬኛ በእግሩ ይሄድ ነበርና ውሸቱ ሁለተኛው መንደር እስኪደርስ እውነቱም ለመከተል ፋታ ነበረው። በዛሬው ዘመን በማኅበራዊ መገናኛ የተለቀቀ ቃል ጀንበር ሳትጠልቅ ባሕር ይሻገራል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሳውዝፖርት በምትባል ከተማ አንድ ጐረምሳ ዳንስ ሊማሩ በተሰበሰቡ ሕፃናት ላይ ካራ መዝዞ ሦስት ልጃገረዶች ገደለ። ሐዘኑ ገና ሳይበርድ፥ ገዳዩ በጀልባ የገባ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ወሬ ከነሐሰተኛ ስሙ ተነዛ። ፖሊስ ልጁ 17 ዓመቱ እንደ ሆነና እዚያው በብሪታንያ ካርዲፍ በምትባል ከተማ እንደ ተወለደ ቢናገርም ስሙን አልገለጠም፤ የቀረውን ባዶ ቦታ ወሬው ሞላው። በማግሥቱ ማታ የከተማዪቱ መስጊድ በድንጋይ ተደበደበ። ሐምሌ 25 ቀን ዳኛው ፈቅደው እውነተኛው ስም ታወቀ። ሆኖም ሐምሌ 28 ቀን በሮዘራም ጥገኝነት ጠያቂዎች ባረፉበት ሆቴል፥ ሰዎቹ በውስጡ ሳሉ፥ እሳት ተለኰሰ። እርማቱ ደርሶ ነበር፤ ቁጣውን ግን አልመለሰም።

ጥላቻን የፈጠረው ስልክ ነው አንልም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ ማኅበራዊ መገናኛ ገና በሰው ሁሉ እጅ አልገባም ነበር። ስለ ስደተኛ ብዛት፥ ስለ ሥራና ስለ መኖሪያ ቤት መከራከርም የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። አዲሱ መሣሪያ የጨመረው ፍጥነትንና ትርፍን ነው። ባለቤቶቹ የሚያተርፉት ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በቆየ መጠን ከሚገኘው ማስታወቂያ ሲሆን፥ ከረጋ ምክር ይልቅ ቁጣ ዓይን ይይዛል።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛም ዘንድ አደጋ በተሰማ ጊዜ «ምን ሆነ?» ከማለት አስቀድሞ «ያደረገው የማን ወገን ነው?» ማለት እየተለመደ መጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት የሚያሠራጨውንም ቅጣት ያከብድበታል። ነገር ግን ሕግ የሚቀጣው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ የተቃጠለ ቤትም በፍርድ አይመለስም።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሆይ፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ የበላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ብለህ ዝም አትበል፤ የታወቀውን በሰዓቱ ተናገር፥ ያልታወቀውንም ገና አልታወቀም በል። ተማሪውም የደረሰውን ከማስተላለፉ በፊት ያየው ማን ነው? ሥዕሉስ መቼና የት ተነሣ? ብሎ ይጠይቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ አባቶቻችን የነገሩን እውነት ነው፤ የእኛ ፈንታ ግን እስኪነጋ ድረስ ማንም የጎረቤቱን ቤት እንዳያቃጥል መጠበቅ ነው።